የዶሮ ቤትና የሕፃን ቤት ስለ መለየት

ዶሮ በአገራችን ከድኻው ጎጆ እስከ ባለጸጋው ግቢ ድረስ የማትጠፋ የቤት እንስሳ ናት። በሬ የሞተበት ገበሬ፥ ላም የሌላት ባልቴት፥ በደመወዝ የሚተዳደር የከተማ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ዶሮ አያጡም። በሰቆጣ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የዋግ ኽምራ መንደሮችም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ዶሮን የምትጠብቀው ብዙውን ጊዜ የቤቲቱ እመቤት ናት፤ ጨውና በርበሬ፥ ሳሙናና የልጆች ደብተር የሚገዛው ከእንቍላል ከሚገኘው ገንዘብ ነው። በትንሣኤና በዘመን መለወጫ ደግሞ ዶሮዋ ዐሥራ ሁለት ብልት ሆና ቤተ ሰቡን በአንድ መሶብ ዙሪያ ትሰበስባለች።

በዚህ ወር ትምህርታችን የምንመለከተው ግን ዶሮ ለገበያና ለበዓል የምትሰጠውን ጥቅም ብቻ አይደለም። ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ዶሮ ባለበት ቤት የሚያድግ ሕፃን በዶሮዋ ይጠቀማል ወይስ ይጐዳል? መልሱ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ጥቅሙን ከጕዳቱ የሚለዩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ዶሮዋ ማታ የምታድርበት ስፍራ፥ ሁለተኛውም እንቍላሏን የሚበላው ሰው ነው።

1ኛ፤ ሰቆጣና የሕፃናት ዕድገት

የሰቆጣ ስም በሕፃናት ጤና ነገር በመላው ኢትዮጵያ የሚነሣ ስም ነው። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውን ውሳኔ ለሕዝብ አስታወቀ። የቃል ኪዳኑ ፍሬ ነገር፥ ዕድሜአቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ማጥፋት ነው። ስሙ ከዚህች ከተማ የተወሰደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የ1977 ዓ.ም. ረኀብ ክፉኛ ከጐዳቸው አገሮች አንዱ ዋግ ነበርና። ከዚያም ወዲህ ድርቅ ደጋግሞ ጐብኝቶታል፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜም ብዙ ቤተ ሰብ ከቀየው ተፈናቅሎ ከብቱንና ዶሮውን አጥቷል።

መቀንጨር ማለት የሕፃኑ ቁመት ለዕድሜው ከሚገባው እጅግ ዝቅ ብሎ መቅረት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜአቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶው 38ቱ፥ በአማራ ክልል ደግሞ ከመቶው 46ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል።

አንዳንድ ሰዎች «አባቱም አጭር ነው፤ የዘር ነገር ነው» ይላሉ። ዘር ለአንድ ሰው ቁመት ድርሻ ያለው መሆኑ እርግጥ ነው። ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 ድረስ በብራዚል፥ በጋና፥ በህንድ፥ በኖርዌይ፥ በኦማንና በአሜሪካ ባደረገው ጥናት፥ በሚገባ የተመገቡና ጤናቸው የተጠበቀ ሕፃናት በየትኛውም አገር ቢወለዱ የቁመታቸው ዕድገት ተቀራራቢ መሆኑን አረጋግጧል። እንግዲህ በአንድ አገር ከመቶው ሕፃናት አርባ ስድስቱ ሲቀነጭሩ ምክንያቱን ከዘር ሳይሆን ከምግብና ከበሽታ መፈለግ ይገባል።

መቀንጨር የቁመት ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበን ነበር። ነገር ግን አካሉን ያሳጠረው የምግብ ማነስና የበሽታ መደጋገም የአእምሮውንም ዕድገት ይነካል። ከፅንሱ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያለው ጊዜ 1,000 ቀን ያህል ሲሆን፥ በእነዚህ ቀኖች የጐደለውን በኋላ መሙላት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ትምህርት አልገባው ብሎ በክፍሉ ጥግ የሚቀመጠውን ተማሪ ሰነፍ ከማለቱ በፊት መምህሩ ይህን ሊያስብ ይገባዋል።

2ኛ፤ እንቍላል ለሕፃን ምን ይሰጣል?

አንድ መካከለኛ እንቍላል ስድስት ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ፕሮቲን ሥጋንና አጥንትን የሚገነባ የምግብ ክፍል ነው። ከዚህም በላይ ለዐይን የሚጠቅመው ቫይታሚን ኤ፥ ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ 12፥ ለአእምሮ ዕድገት የሚረዳው ኮሊን በአስኳሉ ውስጥ ይገኛሉ። ማሽላና ገብስ ጕልበት ይሰጣሉ፤ ሆኖም በእነዚህ ብቻ የሚያድግ ሕፃን ሆዱ ቢሞላም የሚገነባው ነገር ይጐድለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የኢኳዶር ጥናት፥ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ዕድሜ ላላቸው ሕፃናት በየቀኑ አንድ እንቍላል ለስድስት ወር ቢሰጣቸው፥ ካላገኙት ጋር ሲመዛዘኑ የቀነጨሩት ቍጥር በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ይኸው ሙከራ በማላዊ በተደገመ ጊዜ ግን እንዲህ ያለ የቁመት ለውጥ አልታየም፤ በዚያ ያሉት ሕፃናት ቀድሞውኑ ዓሣ ይመገቡ ነበር። ከዚህ የምንማረው እንቍላል ምትሐት እንዳልሆነ፥ ነገር ግን ከእንስሳ የሚገኝ ምግብ እምብዛም በማይቀምስ ሕፃን ዘንድ ብዙ ሊሠራ እንደሚችል ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፥ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን በየቀኑ ሥጋ ወይም ዓሣ ወይም እንቍላል ቢመገብ መልካም መሆኑን መክሯል።

ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ እንቍላሉ እስኪጠነክር ድረስ ተቀቅሎ፥ በንጹሕ እጅ ተላጦ፥ ተፈጭቶ ከገንፎው ጋር ይሰጠው። ጥሬ ወይም ለብ ያለ እንቍላል ግን ለሕፃን አይሰጥም፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ተሐዋሲ በውስጡ ሊኖር ይችላልና።

በጾም ወራት ብዙ እናቶች ስለ እንቍላል ይቸገራሉ። ሕፃኑ ከሰባት ዓመት በታች ስለ ሆነ የጾም ግዴታ እንደሌለበት ያውቃሉ፤ የሚያስጨንቃቸው የቤቱ ድስት በፍስክ ምግብ እንዳይነካ ነው። የዚህ መፍትሔ ቀላል ነው፤ ለሕፃኑ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስት፥ አንድ ሳሕንና አንድ ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። እንዲህ ቢደረግ የእናቲቱ ጾም አይነካም፤ ሕፃኑም በዓቢይ ጾምና በፍልሰታ ምግቡ አይቋረጥበትም።

3ኛ፤ የዶሮ ኩስና የሕፃን አፍ

አሁን ወደ ጕዳቱ እንመለስ። ሕፃን መዳኽ ሲጀምር ዓለምን የሚያውቀው በእጁና በአፉ ነው። ከመሬት ያገኘውን ሁሉ ያነሣል፤ ያነሣውንም ይቀምሳል። በዚምባብዌ ገጠር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ በየቤቱ ተቀምጠው ሕፃናቱ የሚያደርጉትን ሲጽፉ ውለው፥ አፈርና የዶሮ ኩስ ሲበሉ አይተዋል። ኩሱም ሲመረመር እጅግ ብዙ ተሐዋስያን ተገኙበት። ከእነዚህ ተሐዋስያን መካከል ካምፒሎባክተር የተባለው ዶሮዋን ሳያሳምማት በአንጀቷ ይኖራል፤ ወደ ሕፃን ሆድ በገባ ጊዜ ግን ተቅማጥና ትኵሳት ያመጣል።

ተቅማጥ የታየ እንደ ሆነ እናት ትደነግጣለች፤ ወደ ጤና ጣቢያም ትሮጣለች። ይበልጥ አሳሳቢው ግን ሳይታይ የሚሠራው ጕዳት ነው። የአንጀት የውስጥ ገጽ እንደ ከፋይ ጨርቅ በጥቃቅን ጭረቶች የተሸፈነ ነው፤ ምግብ ወደ ደም የሚገባው በእነዚህ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቆሻሻ የሚገባበት ሕፃን ጭረቶቹ ያጥራሉ፤ አንጀቱም ያለማቋረጥ ይቈጣል። በዚህ ጊዜ የበላው ምግብ ከፊሉ ሳይጠቅመው ያልፋል፤ የቀረውም ለዕድገት መዋሉ ቀርቶ ሰውነቱ ከበሽታ ጋር ለሚያደርገው ትግል ይውላል። ስለዚህ ተቅማጥ ሳይዘው፥ ምግብም ሳይከለከል የሚቀነጭር ሕፃን አለ።

ይህ ነገር በአገራችንም ተመርምሯል። የዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን ገጠር ሕፃናት ተመልክተው ሁለት ነገር አገኙ። አንደኛ፤ ዶሮ ያለው ቤት ሕፃናት ዶሮ ከሌለው ቤት ሕፃናት በቁመት ይሻላሉ። ሁለተኛ፤ ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ የሚያድሩ ከሆነ የሕፃናቱ ቁመት ዝቅ ይላል። ዶሮ በአንድ እጇ የሰጠችውን በሌላው ትወስዳለች ማለት ነው። ይህን ሁለተኛውን እጅ ለመከልከል የሚያስፈልገው ዶሮን ማጥፋት ሳይሆን ማደሪያዋን መለየት ነው።

4ኛ፤ የዶሮ ቤት አሠራር

ዶሮ በሰው ቤት የምታድረው ሰው ንጽሕናን ስለ ጠላ አይደለም። ሽለመጥማጥ ሌሊት ይመጣል፤ ሌባም አይጠፋም፤ የሰቆጣ ደጋ ብርድም ለጫጩት ይከብዳል። በመደቡ ሥር ወይም በግድግዳው ቆጥ ላይ ማሳደር ከእነዚህ ሁሉ ይጠብቃታል። እንግዲህ ለብቻ የሚሠራው የዶሮ ቤት እነዚህን ሦስት ጠላቶች መከላከል የሚችል መሆን አለበት። የማይከላከል ከሆነ ዶሮዎቹ ከሳምንት በኋላ ተመልሰው ወደ መደቡ ሥር ይገባሉ።

በዋግ ድንጋይ ሞልቷል፤ ድንጋይ መካቢም አይጠፋም። ለስድስት ዶሮ ማደሪያ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቤት ይበቃል። ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ ይሠራ፤ ወለሉ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከቀጫጭን እንጨት ይረብረብ፤ በእንጨቶቹ መካከል ኩስ የሚወድቅበት ክፍተት ይተው። ክፍተቱ ግን ሽለመጥማጥ የማያስገባ ጠባብ ይሁን። በውስጡ ቆጥና ጭድ የተነጠፈበት የመጣያ ስፍራ ይኑር። በሩ ነፋስ ከሚመጣበት ወገን ተቃራኒ ሆኖ ማታ የሚቈለፍ ይሁን። ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተያይዞ ከውጭ ቢሠራ ሌባ ሲመጣ ይሰማል። ጣሪያው ዝናብ እንዳያስገባ በሣር ወይም በቆርቆሮ ይሸፈን።

ኩሱ በየቀኑ ከሥር ተጠርጎ ይወሰድ። ጠራጊውም ሥራውን እንደ ጨረሰ እጁን በሳሙና፥ ሳሙና ባይኖር በዐመድ ይታጠብ። ቀን ዶሮዎቹ በግቢ ሲጭሩ፥ ሕፃኑ ታጥቦ በደረቀ ሰሌን ወይም ጀንዴ ላይ፥ በዝቅተኛ ርብራብ ተከልሎ ቢቀመጥ ኩስ ከእጁ ይርቃል።

ከዚህ ላይ ልንደብቀው የማይገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ሰፊ የዚምባብዌ ሙከራ፥ ለሕፃናት የተሰጠው ተጨማሪ ምግብ ቁመታቸውን በመጠኑ አሻሻለ፤ የመጸዳጃ ቤቱ፥ የእጅ መታጠቢያውና የመጫወቻው ምንጣፍ ግን ብቻቸውን ቁመት አልጨመሩም። ብዙ ሊቃውንት ይህን የተረጐሙት፥ ግማሽ ንጽሕና እንደማይበቃ አድርገው ነው። ሕፃኑ በሰሌን ላይ አንድ ሰዓት ተቀምጦ የቀረውን ጊዜ ኩስ በተበተነበት ወለል ላይ የሚድኽ ከሆነ ትርፉ ጥቂት ነው። ስለዚህ ምግቡም ንጽሕናውም በአንድነት መሄድ አለባቸው።

5ኛ፤ ፈንግል

የዶሮ ቤት የሠራ ሰው ዶሮዎቹ በፈንግል ካለቁበት ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። የያዛት ዶሮ ትተክዛለች፤ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ አረንጓዴ ታስቀምጣለች፤ አንዳንዲቱም አንገቷ ይጠመዘዛል። በጥቂት ቀን ውስጥ የመንደሩ ዶሮ ሁሉ ሊያልቅ ይችላል። ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ መከላከያ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል። ከክትባቶቹ መካከል በዐይን የሚንጠባጠበውና ሙቀትን በመጠኑ የሚችለው ዐይነት ማቀዝቀዣ ለራቀው ለገጠር የተመቸ ነው። በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይደገማል። አንድ ቤት ብቻውን ከሚያስከትብ መንደሩ በአንድ ቀን ቢያስከትብ ይሻላል፤ ስለዚህ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በኅብረት መጠየቅ ይገባል።

በፈንግል የሞተች ዶሮ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሜዳ አትጣል፤ በጥልቅ ትቀበር። በሽታ የገባበት ቤት ዶሮም ወደ ገበያ አትውጣ፤ የአንዱ ቤት ሞት ለሌላው የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነውና።

6ኛ፤ ዶሮና ጓሮ

«ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ይባላል። በጓሮ አትክልት የተተከለ ጐመን ያየ ሰው ምሳሌው ለምን እንደ ተነገረ ያውቃል። ስለዚህ ጓሮው በእሾህ ይታጠር። ዶሮ ከጓሮው ብትከለከልም ኩሷ ግን ለጓሮው ሀብት ነው፤ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ የተባሉት የተክል ምግቦች በብዛት አሉበት።

ሆኖም ትኵስ ኩስ በቀጥታ አይደረግም፤ ሥሩን ያቃጥላል፤ ተሐዋስያኑም በቅጠሉ ላይ ይቀራሉ። ከቅጠላ ቅጠል፥ ከገለባና ከዐመድ ጋር ተደባልቆ በጕድጓድ ውስጥ እርጥብ ሆኖ፥ እየተገላበጠ ሦስት ወይም አራት ወር ይቈይ። በትክክል የተዘጋጀ ብስባሽ መሬት መሬት ይሸታል እንጂ አይከረፋም። ጥሬውን የሚበላ ቲማቲም፥ ሰላጣና ካሮትም ሁልጊዜ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ።

በዋግ ዝናብ የሚጥልበት ጊዜ አጭር ነው፤ ክረምቱ ካለፈ ውሃ ውድ ነው። ነገር ግን እጅና እህል የታጠበበት ውሃ ቢጠራቀም ለጥቂት መደብ ጐመን፥ ቆስጣና ሽንኩርት ይበቃል። መሬቱ በገለባ ቢሸፈን እርጥበቱ አይሸሽም። ዱባም በአጥር ላይ ተንጠላጥሎ ያፈራል። ቢጫ ዱባ፥ ካሮትና ጥቍር አረንጓዴ ቅጠል ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር አላቸው፤ ጥቂት ቅባት ሲጨመርባቸው ይበልጥ ይጠቅማሉ።

7ኛ፤ የቤተ ሰብ ሒሳብ

«እንቍላሉን ልጁ ከበላው ጨው በምን ይገዛል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ትክክለኛ ስለ ሆነ በቍጥር እንመልሰው። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቍላል ትጥላለች። አምስት ዶሮ ያላት እናት በያንዳንዷ 50 ብናስብ በዓመት 250 እንቍላል ታገኛለች። እያንዳንዷ ዶሮ አንድ ጊዜ 12 እንቍላል ብትታቀፍ 60 ይሄዳል፤ 190 ይቀራል። ለሕፃኑ በሳምንት ሦስት ቢሰጠው በዓመት 156 ነው። የሚሸጠው 34 ብቻ ይሆናል።

ይህ ጥቂት ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን ከታቀፉት እንቍላሎች የሚገኙት ጫጩቶች አይረሱ። ጫጩት በጭልፊት፥ በብርድና በፈንግል ስለሚያልቅ ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉ እንኳ አያድግም። የዶሮ ቤት ከተሠራና ክትባት ከተሰጠ የሚተርፉት ይበዛሉ፤ ለበዓል የሚሸጥ አንድ አውራ ዶሮ ደግሞ ከብዙ እንቍላል የበለጠ ያወጣል። እንግዲህ ለሕፃኑ የተሰጠው እንቍላል ከእናቲቱ ኪስ የተወሰደ አይደለም፤ ቀድሞ ጭልፊትና በሽታ ይወስዱት ከነበረው የተመለሰ ነው።

በደቡብ ኢትዮጵያ በሀላባ በተደረገ ጥናት አንድ መልካም ዘዴ ተሞክሯል። ዶሮዎቹ ለእናት ወይም ለአባት ሳይሆኑ ለሕፃኑ በስጦታ መልክ፥ በአካባቢው የተከበሩ ሰዎች ባሉበት ተሰጡ፤ ማደሪያም እንዲዘጋጅላቸው ተደረገ። የሕፃኑ የሆነችው ዶሮ እንቍላልም ለሕፃኑ ዋለ። በእኛም ዘንድ የክርስትና አባት ወይም አያት ለሕፃኑ አንዲት ቄብ ዶሮ «ይህች የልጁ ናት» ብሎ ቢሰጥ ለማንም የማይከብድ ስጦታ ነው። የአባትም ድርሻ አለ፤ ድንጋይ መካብና ጣሪያ ማልበስ የእርሱ ሥራ ሲሆን፥ በእንቍላሉ ላይ ግን የእመቤቲቱ ፈቃድ ይጠበቅ።

8ኛ፤ ለመምህራን

ይህ ትምህርት በክፍል ውስጥ ተነግሮ ብቻ እንዳይቀር ተማሪዎች በየቤታቸው የሚከተሉትን ጥያቄዎች መርምረው መልሱን በደብተራቸው ጽፈው ይምጡ።

1. በቤታችሁ ዶሮ ማታ የት ታድራለች? ከሕፃን መኝታ ስንት ርምጃ ትርቃለች?
2. ባለፈው ሳምንት ስንት እንቍላል ተገኘ? ስንቱ ተሸጠ? ስንቱ ተታቀፈ? ስንቱን ሕፃን በላ?
3. ዶሮዎቻችሁ ለመጨረሻ ጊዜ የተከተቡት መቼ ነው?
4. የዶሮ ኩስ ተጠርጎ የሚጣለው የት ነው?

የሁሉም መልስ በሰሌዳ ላይ ቢደመር ተማሪዎቹ የመንደራቸውን ሁኔታ በራሳቸው ቍጥር ያያሉ። ማንም ተማሪ ግን በቤቱ ድኽነት እንዳያፍር መምህሩ ይጠንቀቅ፤ ስሙን ሳይጽፍ መልሱን ብቻ ቢሰጥ ይበቃል። ትምህርት ቤቱ ባዶ ጥግ ካለው ተማሪዎቹ በመምህራቸው መሪነት አንድ ምሳሌ የሚሆን የዶሮ ቤትና አንድ የብስባሽ ጕድጓድ ይሥሩ። ልጅ በእጁ የሠራውን በአባቱ ግቢ መሥራት አያቅተውም።

የቃል ኪዳኑ ጊዜ 2022 ዓ.ም. ሩቅ አይደለም። ታላላቁን ሥራ፥ ውሃውን፥ መንገዱንና ሕክምናውን መንግሥት ሊሠራ ይገባዋል። በየግቢው የሚሠራው የአንድ ሜትር የድንጋይ ቤት ግን የእያንዳንዳችን ነው። የሚያስፈልገው ድንጋይና ጭቃ፥ ጥቂት እንጨት፥ የሁለት ቅዳሜ ድካም ነው።